የተሰረዘው ቃል

«ግዙፎችን እገድላለሁ» ሲወደስ የኖረው በማይገባው በኩል ነው። ጆ ኬሊ ጽፎት ኬን ኒሙራ የሳለው ይህ ሥዕላዊ ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በኢሜጅ ኮሚክስ በሰባት ክፍል ከወጣ ወዲህ፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳው መጨረሻው ላይ የሚገለጠው ምስጢር ነው። ባርባራ ቶርሰን የተባለች የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የእንስሳ ጆሮ ራሷ ላይ ደፍታ ከተማዋን ከግዙፎች እጠብቃለሁ ትላለች፤ ኋላ ፎቅ ላይ እናቷ በሞት አፋፍ እንዳለች እንደርስበታለን። እንግዲያው ግዙፉ በሽታው ነው፣ ምሳሌው ተፈታ፣ አለቀ። በዚህ ንባብ መጽሐፉ ከእንቆቅልሽ አይዘልም። የተፈታ እንቆቅልሽ ላይ ደግሞ ማን ይመለሳል?

እኔን የሚመልሰኝ የንግግር አረፋው ነው። የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይዘሮ ሞሌ ልጅቷን አስቀምጣ ታነጋግራለች። ጨዋታው ወደ እናቷ ሲዞር አረፋው ውስጥ ያለው ጽሑፍ በቀለም ተሰርዞ እናገኘዋለን። አፏ ተናግሯል፣ አረፋውም በቦታው አለ፤ ቃሉ ግን በጭረት ተውጦ አይነበብም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እያየ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይላል። በእኛ ወግ ቃሉን የሚያፍነው ተናጋሪው ነው፤ ዘመድ ጎረቤት እስኪሰበሰብ፣ ማለዳው እስኪደርስ ይዞት ያድራል። ሞሌ ግን ምንም አልደበቀችም። የሚሰርዘው ሰሚው ጆሮ ነው፤ እኛም ሳናውቀው ከዚያ ጆሮ ውስጥ ተቀምጠናል። በዚያ ገጽ ላይ አንድም ግዙፍ የለም፤ የመጽሐፉ ደፋር ምናብ ግን ያለው እዚያው፣ በአንዲት ቢሮ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ስድ ንባብ ይህን ሊያደርግ ቢሞክር «አልሰማችም» ብሎ ማብራራት ግድ ይሆንበታል። በ2017 የወጣው ፊልምም ግዙፎቹን በኮምፒውተር አግዝፎ አቆማቸው እንጂ ለዚህች ጭረት ምትክ አላገኘሁበትም።

ኒሙራ ግዙፉንም የትምህርት ቤቱን ኮሪደርም በአንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ቸኩሎ በሄደ መስመር ነው የሚስላቸው። እውኑ የቱ ጋ አልቆ ቅዠቱ የቱ ጋ እንደጀመረ የሚለይ ድንበር አላሰመረልንም። መጽሐፉ በ2012 የጃፓኑን ዓለም አቀፍ የማንጋ ሽልማት ወርቅ አግኝቷል፤ ለዚህ መስመር ከሆነ ይገባዋል።

ስለ ባርባራ መዶሻ አንድ ነገር ልበል። ባርባራ በትንሽ ቦርሳ የምትሸከመው መሣሪያ ኮቨለስኪ ይባላል። ሃሪ ኮቨለስኪ የፊላደልፊያ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ በ1908 የኒው ዮርክን ጃይንትስ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ አሸንፎ «ግዙፍ ገዳይ» ተባለ። የቡድኑ ስም «ግዙፎች» ማለት በመሆኑ እንግሊዝኛ አንባቢው ፈገግ ይላል፤ የእኛ አንባቢ ዳዊትንና ጎልያድን አስቦ ያልፋል። ቀልዱን ትተን ቁጥሩን እንየው፦ አምስት ቀን። የዳዊት ድል ዙፋን አስከትሏል፤ ይህቺ ልጅ የመረጠችው ጀግና ቅጽል ስሙን ያተረፈው አንድ ሳምንት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ነው። እናት ፎቅ ላይ ለምታጣጥርባት ልጅ አምስት ቀን ትንሽ አይደለም።

መጽሐፉ የሚሰናከለው ታይታን የተባለው ግዙፍ ከባሕር ሲወጣ ነው። ፍልሚያው ግሩም ነው። ከተሸነፈ በኋላ ግን አፉን ይከፍታል፦ የመጣው ለእናቷ ሳይሆን ለራሷ ለባርባራ እንደሆነ ይነግራታል፣ ያስረዳታል፣ ያጽናናታል፤ ሁለተኛ ሞሌ ሆኖ ቁጭ። ቃልን በመሰረዝ ያን ያህል የነገረን ደራሲ እዚህ አንዲት ቃል ማስቀረት አቃተው። ይህ ፍርሃት ነው፤ ኬሊ አንባቢው እንዳይስትበት ፈርቷል። ያን ገጽ የሚሰርዝልኝ ባገኝ ብዕሩን እኔው አቀብለው ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ ባርባራ ስትሸሸው የኖረችውን ደረጃ ወጥታ ወደ እናቷ ክፍል ስትገባ ትችቴ ሁሉ ከእጄ ይወድቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። የተሰረዘ የለም።