የጦጣው አንጎል ማንን ሰማ? ምንስ ሰማ?

ስልክ ተደወለላችሁ እንበል። ቁጥሩን አታውቁትም፤ ግን «ሄሎ» ከማለቷ እናታችሁ መሆኗን ለያችሁ። ገና ምንም አልነገረቻችሁም እኮ! ማንነቷን ያወቃችሁት በቃሉ ሳይሆን በድምፅዋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ፓስካል ቤሊንና ባልደረቦቹ በሰው አንጎል ውስጥ ለሰው ድምፅ ከሌሎች ድምፆች ይበልጥ የሚነቃ ቦታ አገኙ። ቦታው ለንግግርም በጣም ስለሚነቃ አንድ ጥያቄ ቀረ፦ የሚሠራው ለቋንቋ ነው ወይስ ለድምፅ ባለቤት?

ክሪስቶፈር ፔትኮቭና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ቋንቋ ወደሌላቸው እንስሳት ወሰዱት። ይሄ ብልህነት ነው። ሬሰስ ማካክ የሚባሉትን የእስያ ጦጣዎች ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የዝርያቸውን ጥሪ፣ የሌሎች እንስሳትን ጩኸትና የተፈጥሮ ድምፆችን አሰሟቸው። በ2008 ኔቸር ኒውሮሳይንስ ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ለራሳቸው ዝርያ ጥሪ የሚያደላ ቦታ እንዳለ አሳዩ። ቦታው ጠሪው ጦጣ ሲቀየርም ለውጡን ይለያል።

ቅሬታዬ ስሙ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ «የድምፅ ቦታ» አሉት። በአማርኛ የዝናቡም የበሩም የእናታችሁም ድምፅ ያው «ድምፅ» ነው፤ ስለዚህ ስሙ እንዳለ ሲተረጎም ምንም አዲስ ነገር ያልተገኘ ይመስላል። ያንን ለማስተካከል «የንግግር ቦታ» ካልነው ደሞ ከተለካው በላይ አልን። የተለካው «ማን ጠራ?» ነው። «ምን አለ?» የሚለው አልተጠየቀም። እንዲያውም የልኬቱ ከፊል የተወሰደው ጦጣዎቹ በማደንዘዣ ተኝተው ሳለ ነው! የተኛ እንስሳ አንጎል ጥሪውን ከሌላ ድምፅ መለየቱ በጣም ይገርማል፤ ግን መልእክቱን ተረድቷል አያሰኝም።

ኤምአርአይ የሚለካው የደም ለውጥን እንጂ የነርቭ ሕዋሶችን ሥራ በቀጥታ አይደለም የሚል ትችትም ነበር። እሱ በ2011 መልስ አገኘ፤ ካትሪን ፔሮዲንና ባልደረቦቿ እዚያው ቦታ ኤሌክትሮድ አስገብተው ለጥሪ የሚያደሉ ሕዋሶችን አገኙ።

«ምን አለ?» የሚለውን እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል ግን ቀድሞ ታይቷል። ኬንያ፣ አምቦሴሊ ውስጥ ሮበርት ሴይፋርዝ፣ ዶረቲ ቼኒና ፒተር ማርለር የጦጣዎችን የማስጠንቀቂያ ጥሪ ቀድተው በስፒከር አሰሙ፤ ውጤቱን በ1980 አሳተሙ። የነብር ጥሪ ሲሰሙ ዛፍ ላይ ወጡ፤ የንስር ሲሆን ወደ ሰማይ አዩ፤ የእባብ ሲሆን መሬቱን ቃኙ። አያችሁ፣ እዚህ መልሱን የሰጠው የጦጣዎቹ እርምጃ ነው። ኤምአርአይ ውስጥ ያለው ማካክ ግን መንቀሳቀስ አይችልም፤ የሚወጣበትም ዛፍ የለውም።