በዝርዝር ሳጥን ውስጥ የጠፋ የመተማ ሰው

ከዳታቤዝ ጋራ የታሰረ ተቆልቋይ ዝርዝር በዌብ ፎርምስ ትምህርት ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል። እኛ ግን ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

ለምሳሌ ያህል በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበ አንድ የመተማ ተወላጅ እናስብ። ዞኑ «ሰሜን ጎንደር»፣ ወረዳው «መተማ» ተብሎ ተጽፏል፤ በጊዜውም ልክ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዞኑ ለሦስት ሲከፈል መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ወደ ምዕራብ ጎንደር ገቡ፤ የሰሜን ጎንደር ስም ግን ለእነ ደባርቅ፣ ዳባትና ጃናሞራ ቀረ። እንግዲህ አሮጌው መዝገብ ሲከፈት የዞኑ ዝርዝር «ሰሜን ጎንደር» የሚለውን ያገኝና ያለ አንዳች ቅሬታ ይመርጠዋል። የወረዳው ዝርዝር በዚያው ዞን ስለሚሞላ መተማ የለበትም። ፕሮግራሙም በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ዋጋ ተሰጠኝ ብሎ ስሕተት ያሳያል። ይህ ስሕተት በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ሐቀኛው ነው። ፕሮግራመሩ ግን ብዙ ጊዜ ያፍነዋል። ተቆልቋዩ ዝርዝር ምንም ካልተመረጠለት የመጀመሪያውን መሥመር እንደ ተመረጠ ይቆጥራልና፣ ጸሐፊው «አስቀምጥ» የሚለውን ሲጫን የሱዳን ጠረፍ ቆለኛ የስሜን ደገኛ ሆኖ ያድራል።

ጸሐፊው ነቅቶ ቢያርመውስ? ቁልፉ ሲጫን ገጹ ወደ ሰርቨር ይመለሳል፤ በመጀመሪያ የጸሐፊው ምርጫ ወደ ሳጥኑ ይገባል፤ ቀጥሎ «ፔጅ ሎድ» ይሠራል፤ የማስቀመጡ ትእዛዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራመሩ «ኢዝ ፖስት ባክ» ብሎ ሳይጠይቅ በፔጅ ሎድ ላይ ዝርዝሩን እንደገና አስሮ አሮጌውን ዋጋ ከሰጠው፣ እርማቱ ሳይነበብ ይጠፋል። ተወቃሹም ጸሐፊው ነው!

የፊደላችን ጣጣ ደግሞ አለ። «ገንዳ ውኃ» እና «ገንዳ ውሀ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ኃ እና ሀ ልዩ ልዩ ፊደላት ስለ ሆኑ አይገናኙም። ከተማውን በሌላ ስሙ «ሸኸዲ» ብሎ የጻፈማ ጨርሶ አይገኝም። ስለዚህ በዳታቤዝ የሚቀመጠው ዋጋ ቁጥር፣ ስሙ ለዓይን ብቻ ቢሆን እንመርጣለን። የወረዳው ቁጥር የዞኑን ቁጥር በውስጡ መያዝ የለበትም፤ በስሙ የቀጠለው ሰሜን ጎንደርም ወሰኑ ተለውጧልና አዲስ ቁጥር ይሻል። የተጻፈው ዋጋ በዝርዝሩ ከታጣ ደግሞ ከላይ «መተማ፤ ዞኑ ያልተረጋገጠ» የሚል መሥመር ይጨመርና ሰው አይቶ እስኪወስን ድረስ ማስቀመጫው ቁልፍ ይዘጋ።