የእጥፋት ጥበብ በላውተርብሩነን

ከገደል አፋፍ ጃንጥላ ይዘው የሚዘሉ ሰዎችን ቪዲዮ ያላየ ብዙም የለም። ካሜራው ራስ ቁር ላይ ተሰክቷል፣ ድንጋዩ ሽው እያለ ያልፋል፣ ሙዚቃው ይጮኻል። እኔን ቪዲዮዎቹ ቶሎ ያሰለቹኛል። የዚህ ስፖርት ደስ የሚለው ክፍል ካሜራ የማይዞርበት ነው፤ ዘላዩ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጨርቁን የሚያጥፍበት ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት።

ስፖርቱ ቤዝ ይባላል፤ ከሕንፃ፣ ከአንቴና ማማ፣ ከድልድይ ወይም ከገደል መዝለል ነው። ገደል ለሚወዱት ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለው የላውተርብሩነን ሸለቆ ዋና መሰብሰቢያቸው ነው። ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው፤ ከአንዱ አፋፍ የሚወረወረው የሽታውብባኽ ፏፏቴ ብቻ 297 ሜትር ይወርዳል። ዘላዮቹ በገመድ ላይ በሚሄደው ጋሪ ወደ ሙረን መንደር ይወጣሉ፣ ወደ አፋፉ በእግር ይሄዳሉ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራቸዋል።

ያቺን እርምጃ የሚከተለው ሒሳብ ይህ ነው። የሚወድቅ ሰው በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ያህል፣ በሁለት ሰከንድ 20፣ በሦስት ሰከንድ 44 ሜትር ይወርዳል። አየር ወለድ ወታደር ዋናው ጃንጥላ ቢከዳው ተጠባባቂ አለው። የገደል ዘላይ ጀርባ ላይ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ቢሸከምም ለመዘርጋት ከፍታውም ጊዜውም አይበቃውም። የተጠባባቂውን ቦታ የያዘው አስተጣጠፉ ነው።

እስኪ ጠጋ ብለን እንየው። ጨርቁ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 26 ካሬ ሜትር የሚሰፋ፣ ሰባት ክፍልፋይ ያለው ናይለን ነው፤ አየር በፊቱ በኩል ገብቶ ሲነፋው ክንፍ ይሆናል። ዘላዩ መጀመሪያ ገመዶቹን ከትከሻ ማሰሪያው አንሥቶ እስከ ጨርቁ ድረስ በጣቶቹ መሃል እያሳለፈ ይለያቸዋል። ቀጥሎ በገመዶቹ መካከል የተሸበሸበውን ጨርቅ አንድ በአንድ ወደ ውጭ እያወጣ፣ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ሽንሽን ይደረድረዋል። ግራው ስንት ቢሆን ቀኙም ያው ነው፣ በዚያው ስፋት። መዳፉን ዘርግቶ ከመሃል ወደ ዳር ሲጠርገው የታፈነው አየር እየተነፈሰ ይወጣል። እጥፋቱ እንዳይንሸራተት በመቆንጠጫ ይይዘዋል። ገመዶቹን ደግሞ እያጣጠፈ በጨርቁ የኋላ ጠርዝ ላይ በተሰፋች ኪስ ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ሲከፈት ተራቸውን ጠብቀው ሊወጡ ነው።

መቆንጠጫዎቹ ይቆጠራሉ፤ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ቦርሳው ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ጊዜ። አንዱ ከጎደለ ጨርቁ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነውና ሁሉም ይፈታል፣ ሥራው ከሀ ይጀመራል። አንድ ሰዓት የለፉበትን ማፍረስ እንዴት እንደሚያናድድ ማንም ያውቃል። እኔ የዚህን ሙያ ባለቤት የምለየው ሳያጉረመርም በሚያፈርሰው እጁ ነው።

ለግራና ቀኙ እኩልነት ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? ጨርቁ ሲከፈት አንዱ ጎን ቀድሞ አየር ከጠገበ ይዞራል። ከአውሮፕላን ለዘለለ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ሰማዩ ሰፊ ነው። ድንጋዩ ከኋላው ጥቂት ሜትር ላይ ላለ ሰው ግን ግማሽ ዙር ማለት ፊቱን ወደ ገደሉ መልሶ በተከፈተ ክንፍ መብረር ነው። ለዚህም ነው እጁ መጀመሪያ ወደ መሪው እጀታ የማይሄደው። የኋላዎቹን የትከሻ ማሰሪያዎች ይይዛል፤ በእነሱ ጨርቁን አቁሞ ከግድግዳው ይመልሰዋል። ትከሻ አጋድሎ የዘለለም የሠራውን እጥፋት በገዛ አካሉ ያበላሻል፤ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን እኩል አድርጎ አድማሱን እያየ መውጣት አለበት።

ሌላው ጥበብ ምርጫው ነው። ገመዶቹ ላይ ስላይደር የምትባል አራት ማዕዘን ጨርቅ አለች፤ ጃንጥላው በድንገት እንዳይፈነዳ አከፋፈቱን ታዘገያለች። ከፍ ካለ ገደል ዘሎ በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ሰው ነፍሱ ናት፤ ያለ እሷ አከፋፈቱ አጥንት ይሰብራል። ሁለት ሰከንድ ብቻ ለሚወድቅ ግን መዘግየቷ ራሱ ይገድላል፤ ስለዚህ ወደ ታች ትወርዳለች ወይም ጭራሽ ትወገዳለች። እሷ በሌለችበት የኋላ መሪ ገመዶቹ በጨርቁ ፊት ላይ እንዳይጠመጠሙ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ሰብስባ ትይዛቸዋለች፤ ጨርቁ ሲነፋ ራሷ ትለቃቸዋለች። ዋጋዋ ከምንም የማይቆጠር ላስቲክ ናት፤ ከጠቅላላው ዕቃ እኔን የምትማርከኝ እሷ ናት። ዋናውን ስቦ የሚያወጣው ትንሹ ጃንጥላም እንደ ፍጥነቱ ይለያያል፤ ለአጭር ዝላይ 107 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ ለረጅሙ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተገኘም። አሜሪካዊው ፊልም ቀራጭ ካርል ቦኒሽ እ.ኤ.አ. በ1978 ጓደኞቹ በአሜሪካው ዮሰሚቲ ፓርክ ካለው ከኤል ካፒታን ገደል ሲዘሉ ሲቀርጽ መሣሪያቸው ለአውሮፕላን ዝላይ የተሠራው ነበር። እሱ ራሱ በ1984 ኖርዌይ ውስጥ ከትሮልቬገን ገደል ዘሎ ሞተ። ዛሬ ያሉት የአስተጣጠፍ ልማዶች ብዙዎቹ ከአንድ ሰው ሞት ወይም ስብራት በኋላ የመጡ ናቸው፤ ማኅበረሰቡ አደጋውን አንሥቶ የትኛው ገመድ የት እንደያዘ ሳያፍር ይነጋገራል።

ዕውቀቱም ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነው። አፋፉ ላይ ጓደኛ ከኋላ ይቆምና ቦርሳውን የዘጉትን ፒኖች ያያል፣ ከትንሹ ጃንጥላ የሚመጣው ጥብጣብ በማሰሪያ ሥር እንዳልገባ በጣቱ እየተከተለ ይፈትሻል። ስለ ነፋሱ ይነጋገራሉ፤ ካልተመቸ በመጡበት መንገድ በእግር ይወርዳሉ። ላውተርብሩነን ውስጥ የሄሊኮፕተር በረራ ስላለ ከመዝለላቸው በፊት ለሄሊኮፕተር ጣቢያው ያሳውቃሉ። የሚያርፉበት ሜዳ የገበሬ ነው፤ ሣሩም የላሞቹ የበረዶ ወራት መኖ ነው። ስለዚህ የማረፊያ ካርድ ይገዛሉ፣ ገንዘቡም ለሣሩ ካሣ ለገበሬዎቹ ይሄዳል። ያልታጨደ ሣር ላይ ማረፍ ነውር ነው፤ ያረፈም ጨርቁን ወዲያው ሰብስቦ በዳር በዳር ይወጣል፣ ለሚቀጥለው ዝላይም የሚያጥፈው ሌላ ቦታ ነው።

ኖርዌይ ውስጥ ሼራግ በተባለው ተራራ ከ1995 እስከ 2005 የተደረጉ 20,850 ዝላዮች በሐኪሞች ተጠንተው ነበር። 9 ሰው ሞቷል፤ ከ2,317 ዝላይ አንድ ማለት ነው። ይህን ያህል ተጠንቅቀውም ነው።

እዚህ ላይ ጥበቡ ድንበር አለው። በእጅና በእግር መካከል ጨርቅ የተዘረጋበትን የክንፍ ልብስ ለብሶ መብረር ከመጣ ወዲህ ዋናው አደጋ ከአከፋፈት ወደ መስመር ምርጫ ተሻግሯል። ልብሱን ለዘመኑ ካስተዋወቁት አንዱ ፓትሪክ ደ ጋያርዶን በ1998 ሃዋይ ላይ የሞተው በመሣሪያው ላይ ራሱ ባደረገው ማሻሻያ ምክንያት ነበር፤ ያ የእጅ ሥራ ስሕተት ነው፣ በእጅ ሥራም ይታረማል። ተራራ ወጪው ዲን ፖተርና ጓደኛው ግራም ሃንት ግን በ2015 ዮሰሚቲ ውስጥ በጠባብ የድንጋይ አንገት መሃል ሊያልፉ ሲሞክሩ ጃንጥላቸው ሳይዘረጋ ከድንጋይ ጋር ተጋጩ። ድንጋዩን ሁለት ሜትር ቀርቦ ለሚያልፍ ሰው የጀርባው እጥፋት ምንም ቢያምር አይደርስለትም። ፒን የሚፈትሸው ጓደኛ ጥብጣቡን ከመንካቱ በፊት «በየት በኩል ነው የምትበረው? ካልሆነልህስ መውጫህ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱም ካልጣመው አብሮት በእግር ቢወርድ እወዳለሁ።