አማካይ ውጤት የሚሸፍነው

በአሜሪካ ሕክምና ለመማር የሚያመለክት ወጣት በቅድሚያ ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ ያገኘው፣ ከ4.0 የሚታሰበው አማካይ ውጤት ነው። ይህ መመዘኛ የሚተቸው ዋጋ ስለሌለው ሳይሆን የጊዜን ቅደም ተከተል ስለሚደመስስ ነው። ደክሞ ጀምሮ የበረታና በርትቶ ጀምሮ የደከመ ተማሪ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ። የበሽተኛን የሳምንት ትኩሳት በአማካይ ብቻ የሚያነብ ሐኪም ግን የለም፤ እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ ብሎ ይጠይቃል።

ስሌቱም ጨካኝ ነው። በ120 ክሬዲት 2.8 ያመጣ ተማሪ ሌላ 30 ክሬዲት ተምሮ ሁሉንም «ኤ» ቢያገኝ አማካዩ 3.04 ብቻ ይሆናል። አንድ ሙሉ ዓመት፣ ከነክፍያው፣ ለ0.24! የኤም.ዲ. ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ የተደገመን ትምህርት ሁለቱንም ውጤቶች ይቆጥራል። የኋለኛውን ብቻ ይቆጥር የነበረው የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻም ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2017 አስቀርቷል።

እርግጥ ነው፣ የቅበላ ኮሚቴዎች አመልካቹን በሁለንተናው እንመዝናለን ይላሉ። ይሁን እንጂ በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ የሚደርሰው ትምህርት ቤት አስቀድሞ በቁጥር ካበጠረ፣ ሌሊት እየሠራ የተማረ የስደተኛ ልጅ (ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆችም አሉበት) ምክንያቱን የጻፈበት ገጽ ሳይነበብ ይቀራል። የሚያስገርመው፣ የኤም.ዲ. የጋራ ማመልከቻ የየዓመቱን ውጤት ለይቶ ለኮሚቴው ያቀርባል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት አስቀድሞ ለማየት አዲስ ቅጽም ሆነ አዲስ ፈተና አያስፈልግም።