ለቤት ስቱዲዮ የሚበቃ ማይክሮፎን

ገንዘቡ ትንሽ፣ ክፍሉም ጠባብ ለሆነ ሙዚቀኛ እንደ ሹር ኤስኤም 57 የሚታመን ሌላ ማይክሮፎን ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለገበያ የቀረበው ይህ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ዛሬም በትልልቅ ስቱዲዮዎች ከበሮና ጊታር ይቀዳበታል። ኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚሻው የ48 ቮልት ኃይል አያስፈልገውም፤ አንድ ገመድና አነስተኛ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይበቁታል። ከኮንደንሰር ማይክሮፎን ጋር ሲነጻጸር የክፍሉን ማስተጋባትና የሰፈሩን ጫጫታ ብዙም አያስገባም። ጀርባውን ለመስኮቱ ስጡት፤ ፊቱን ወደምትቀዱት መሣሪያ፣ ለምሳሌ ወደ ክራር፣ አንድ ስንዝር ያህል አስጠጉት። ሲቀርብ ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል፣ ሲርቅ ይሳሳል፤ ቃናው ገና ከመቀዳቱ በፊት በእጅ ይስተካከላል። ለመቅጃውም በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ውድ ዕቃ እስክትገዙ ሥራችሁን አታዘግዩ፤ በዚህ ጀምሩ።