ባለቤት የሌለው ጧፍ

በድራይቨር ጸሐፊ ዘንድ ክሎክ ማለት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጧትና ማታን የሚያስታውቀው መሣሪያ ሳይሆን፣ በቺፑ ውስጥ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ እየመታ ክፍሎቹን ሁሉ የሚያራምድ የኤሌክትሪክ ትርታ ነው። ትንሹ የሲሪያል ወደብ እንኳ ብዙ ጊዜ ሁለት ትርታ ይሻል፤ ይኸውም አንደኛው ፕሮሰሰሩ ወደ ሬጅስተሮቹ የሚደርስበት የባስ ክሎክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊደላቱ በሽቦው ላይ የሚጓዙበትን ፍጥነት የሚወስነው ነው፤ ይህም በጥንቱ ልማድ 1.8432 ሜጋኸርዝ የሆነበት ምክንያት ለ16 ሲካፈል ያለ ቀሪ የተለመደውን ፍጥነት፣ በሰከንድ 115,200 ቢት፣ ስለሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ቢዛባ ወደቡ እየተንተባተበም ቢሆን ይናገራል፤ የፊተኛው ቢጠፋ ግን፣ በብዙ ቺፖች ላይ፣ ሬጅስተሩን ለማንበብ የሞከረው ፕሮሰሰር መልስ ሲጠብቅ እንደ ሎጥ ሚስት ደርቆ ይቀራል።

ይህን የተማርሁት በንባብ ሳይሆን በውርደት ነው። የመጀመሪያ ድራይቨሬን ስጽፍ የፍጥነቱን ክሎክ በስሙ ጠይቄ ተቀብዬ፣ የባሱን ግን መኖሩንም ሳላስበው፣ ወደቡ በመጀመሪያው ሙከራ ስለ ተናገረልኝ ሥራዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር፤ ሊኑክስ ተነሥቶ ሊያበቃ ሲል ግን ማሽኑ ቀጥ አለ። ለካስ ሊኑክስን የሚያስነሣው ቡትሎደር የባሱን ክሎክ አብርቶ ትቶት ስለ ነበር በሌላ ሰው ጧፍ ሳነብ ቆይቼ ኖሯል፤ ከርነሉም በመነሣቱ ፍጻሜ እንደ ትጉህ ቄሰ ገበዝ እየዞረ ባለቤት የሌለውን ጧፍ ሁሉ ሲያጠፋ ያንንም አጠፋው። ማንም ያልጠየቀውን አታጥፋ የሚል ቃል በማስነሻ ትእዛዙ ላይ ስጨምር ማሽኑ ተነሣ፤ ያ ግን የበሽታውን ስም ነገረኝ እንጂ መድኃኒቱን አልሰጠኝም።

መድኃኒቱ ሥርዓት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ 3.4 ጋር የገባው የጋራ የክሎክ ሥርዓት እያንዳንዱ ክሎክ ስንት ፈላጊ እንዳለው ስለሚቆጥር፣ ድራይቨሩ ሁሉንም በየስማቸው ጠይቆ፣ አስቀድሞ የባሱን ከዚያም የፍጥነቱን አብርቶ፣ ሲለቅ ደግሞ ከኋለኛው ወደ ፊተኛው ሊመለስ ይገባዋል። ማብራቱም ሁለት እርከን አለው፤ ማዘጋጀቱ ጊዜ ሊፈጅ ስለሚችል በኢንተራፕት ውስጥ የተከለከለ ሲሆን፣ የተዘጋጀውን መክፈቱ ግን የቅጽበት ሥራ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው የመውደቂያው መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ክሎክ እንቢ ባለ ጊዜ የፊተኛውን ሳያጠፋ የሚወጣ ድራይቨር፣ ቆጠራው ወደ ዜሮ ስለማይወርድ፣ ማንም የማያነብበትን ጧፍ ሲያነድ ያድራል፤ ቄሰ ገበዙም ባለቤት ያለው መስሎት አልፎት ይሄዳል።