ማደል ብቻውን መምራት አይደለም
ስለ አሜሪካ የዘላቂ እርሻ ምርምርና ትምህርት ፕሮግራም አመራር የቀረበ ትችት

ገንዘብ የሚያድል ድርጅት በሚገባ ሲተች አይታይም። የተሰጠው ያመሰግናል፤ የተከለከለውም ለሚመጣው ዓመት ተስፋ ስላለው ዝም ይላል። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን ምስጋናውንም ወቀሳውንም በየመጠኑ ለማቅረብ ይችላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሥር የሚገኘውንና በምህጻረ ቃል «ሴር» እየተባለ የሚጠራውን የዘላቂ እርሻ ምርምርና ትምህርት ፕሮግራም፣ ይልቁንም በየክልሉ የሚመሩትን ሰዎች ተግባር፣ በዚህ ዓይን ለመመርመር እንሞክራለን።

ፕሮግራሙ በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን ሥራውን የጀመረው በ1988 በ3.9 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያን ጊዜ ስሙ ራሱ ዓላማውን ይናገር ነበር፤ ገበሬው ከውጭ የሚገዛውን ማዳበሪያና መድኃኒት ቀንሶ መሬቱን ሳይጎዳ እንዲያርስ የሚረዳ ምርምር ማለት ነበር። በ1990 የወጣው የእርሻ ሕግ ፕሮግራሙን አስፍቶ የአሁኑን ስም ሰጠው። አገሪቱም በአራት ክልል ተከፈለች፤ እነዚህም ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ሰሜን ማዕከላዊና ምዕራብ ናቸው። በየክልሉ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤቱን ያስተናግዳል፤ አንድ አስተባባሪም ሥራውን ይመራል። ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ግን አስተባባሪው ብቻውን አይደለም። ገበሬዎች፣ ተመራማሪዎች፣ የእርሻ ማስፋፊያ ሠራተኞች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የግል ማኅበራት ተወካዮች የሚቀመጡበት የአስተዳደር ጉባኤ አለ።

የዚህ አሠራር መልካምነት አያጠራጥርም። በብዙ አገር የእርሻ ምርምር ጥያቄ የሚነሣው በሊቁ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ገበሬው የሚጠራው መልሱ ከተገኘ በኋላ፣ ተቀበል ለመባል ብቻ ነው። እዚህ ግን አራሹ በዳኝነት ወንበር ተቀምጦ ይህ ጥያቄ ይጠቅማል፣ ያኛው አይጠቅምም ይላል። ከዚህም አልፎ የሰሜን ማዕከላዊው ክልል በ1992 ገበሬው ራሱ አመልካች ሆኖ፣ በራሱ ማሳ ላይ ሙከራ የሚያደርግበትን ስጦታ ጀመረ። ክልሎቹም መለየታቸው የተገባ ነው፤ ለቬርሞንት የወተት ላም አርቢ የሚስማማ ምክር ለጆርጂያ ጥጥ አብቃይ ላይስማማ ይችላልና።

ምስጋናው ከዚህ ላይ ይብቃን፤ ወደ ትችቱ እንለፍ።

የመጀመሪያው ነቀፌታችን ስለ ጊዜ ነው። የ1990ው ሕግ ዘላቂ እርሻ ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ የሰውን የምግብና የልብስ ፍላጎት የሚያሟላ፣ የተፈጥሮን ሀብት የሚጠብቅ፣ ገበሬውንም የሚያኖር አሠራር መሆኑን ከገለጸ በኋላ ይህ ሁሉ በረጅም ጊዜ የሚመዘን መሆኑን ያክላል። የሚሰጠው ገንዘብ ግን በተለመደው ሁኔታ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚቆይ ነው። ሕጉ ስለ ትውልድ ይናገራል፤ ውሉ ስለ ሦስት ክረምት ይናገራል። አፈር ደግሞ የሚታዘዘው ለውሉ አይደለም። የፍግና የሽፋን ሰብል ጥቅም፣ የአፈሩ ብስባሽ መጨመር፣ የአረሙ ዓይነት መለወጥ፣ እነዚህ ሁሉ በዝግታ የሚታዩ ናቸው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የፕሮግራሙ የራሱ ልጅ ነው። በ1988፣ ማለት ፕሮግራሙ በተጀመረበት ዓመት፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ አንድ የእርሻ ሥርዓት ማወዳደሪያ ሙከራ ተተከለ። በተለመደው መንገድ የሚታረስ መደብ፣ ግብአቱ የተቀነሰ መደብና ኬሚካል የማይነካው መደብ ጎን ለጎን ሆነው ቲማቲም፣ ሱፍ፣ በቆሎና ባቄላ እየተፈራረቀባቸው ተመረመሩ፤ ገበሬዎችም ከሊቃውንቱ ጋር በምክር ተካፋዮች ነበሩ። ሙከራው 12 ዓመት ቆየ። ፍግና የጥራጥሬ ሽፋን ሰብል ብቻ በሚቀበለው መደብ ላይ ቲማቲሙን ናይትሮጅን እያጠረው ያስቸገረበት ጊዜ ነበረ፤ እየዋለ እያደረ ግን በዚያው መደብ የአፈሩ የብስባሽ ሀብት ከተለመደው መደብ በልጦ ተገኘ። ሙከራው በሦስተኛው ዓመት ቢዘጋ ኖሮ የሚቀረው ዘገባ ከእውነቱ አንዱን ቁራጭ ብቻ በያዘ ነበር። ገበሬው ጉዳቱን ሰምቶ ጥቅሙን ሳይሰማ በቀረ ነበር።

ይህ ምሳሌ ፕሮግራሙን የሚያስመሰግን ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የዴቪስ ሙከራ 12 ዓመት የኖረው በየጊዜው ተጨማሪ ገንዘብ እየተፈለገለት፣ በሠራተኞቹ ትጋት ነው። እንዲህ ያለው ትጋት የሌላቸው፣ ወይም ጀርባቸውን የሚደግፍ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያላገኙ ሥራዎች ውላቸው ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ። መሪ ማለት እንግዲህ ጥሩ ዕድል ያጋጠመውን ሥራ የሚያመሰግን ሳይሆን፣ ዕድል ላልገጠመው ሥርዓት የሚያበጅ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታችን በትልቁና በትንሹ ስጦታ መካከል ስላለው ገደል ነው። በሰሜን ማዕከላዊው ክልል በ2023 አንድ ገበሬ ለብቻው ሊጠይቅ የሚችለው እስከ 15,000 ዶላር፣ በቡድን ሲሆን እስከ 30,000 ዶላር ሲሆን፣ ለምርምርና ትምህርት የሚጠየቀው ትልቁ ስጦታ ግን እስከ 250,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ገንዘቡ እኩል ይሁን አንልም፤ ገበሬ ቤተ ሙከራ አይገነባም፣ የተማሪ ደመወዝም አይከፍልም። የምንነቅፈው ሌላ ነው። ሁለቱ ስጦታዎች በየበራቸው የሚጠየቁ ናቸውና፣ ገበሬው በአንድ ማሳና በሁለት ክረምት ያገኘው መልካም ፍንጭ ወደ ትልቁ ምርምር መሻገሩ በአጋጣሚና በሰዎች ትውውቅ ላይ የተጣለ ነው። ገበሬው በጉባኤው ላይ ድምፅ አለው፤ ጥያቄው ግን ከማሳው አልፎ እንዲሄድ መንገድ ያስፈልገዋል። ያንን መንገድ መጥረግ ያለበት አመልካቹ ሳይሆን አስተባባሪው ነው፤ ሁለቱንም ዓይነት ዘገባ በእጁ የሚይዝ እርሱ ነውና።

ሦስተኛው ነቀፌታችን ስለ ቍጥር ነው። ፕሮግራሙ ከ1988 ጀምሮ የረዳቸውን ሥራዎች ዘገባ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ማስቀመጡ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሊማሩት የሚገባ ቅንነት ነው። ሆኖም ጎተራ የሞላ እህል ካልተፈጨና ካልተጋገረ እንጀራ አይሆንም። አንድ የኦሃዮ ገበሬ ከአኩሪ አተር በፊት ገብስ መሳይ የሽፋን ሰብል ቢዘራ አረሙ ይቀንስለት እንደሆነ ለማወቅ ቢፈልግ፣ በየዘገባው የተለያየ መለኪያ፣ የተለያየ ወራት፣ የተለያየ የአፈር ጥልቀት ያጋጥመዋል። ይህን ሁሉ እርሱ እንዲያስማማ መጠበቅ ከባድ ሸክም መጫን ነው። ክልሎቹ ዓመታዊ ሥራቸውን ሲገልጹ ይህን ያህል አመለከተ፣ ይህን ያህል ተረዳ፣ ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ ይላሉ። ይህ የእደላው ቍጥር ነው። የዕውቀቱ ቍጥር ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ስንት ጥያቄ በእርግጠኝነት ተመለሰ፣ ስንቱ ሐሰት ሆኖ ተገኘ፣ ስንቱ ገና ክርክር አለበት የሚለው ነው።

የፕሮግራሙ ጠበቆች ለዚህ ሁሉ አንድ ብርቱ መልስ አላቸው። ገንዘቡን የሚሰጠው ኮንግረስ ነው፤ የሚሰጠውም ዓመት በዓመት ነው፤ በየዓመቱ ለሚለካ ገንዘብ የ12 ዓመት ቃል ኪዳን መግባት አይቻልም ይላሉ። እውነት አላቸው። ሕጉ በዓመት እስከ 60 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ የተመደበው በ2023 50 ሚሊዮን፣ በ2024 48 ሚሊዮን ነበር። የባሰ ምሳሌም አለ። የአዮዋ ስቴት በ1987 ባወጣው የከርሰ ምድር ውሃ መጠበቂያ ሕግ የሊዮፖልድ የዘላቂ እርሻ ማዕከልን አቋቋመ፤ ገንዘቡም ከናይትሮጅን ማዳበሪያና ከፀረ ተባይ መድኃኒት ከሚሰበሰብ ቀረጥ እንዲመጣለት ተደረገ። ማዕከሉ 30 ዓመት ያህል ለምርምር ስጦታ ሲሰጥ ከኖረ በኋላ በ2017 የስቴቱ ምክር ቤት ገንዘቡን ነሣው፤ ስሙ ብቻ ቀረ። የራሱ ምንጭ የነበረው እንዲህ ከሆነ፣ ምንጭ የሌለው እንዴት ይመካል?

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ትችታችንን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ገንዘቡ የማይታመን ከሆነ፣ ገንዘቡ ሲቋረጥ የማይቋረጠውን ነገር ማኖር የመሪው የመጀመሪያ ተግባር ይሆናል። ይህም የማይቻል አይደለም፤ የሠሩት አሉና። የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲው የአፈር ሊቅ ፕሮፌሰር ፍሬድ ማግዶፍ የሰሜን ምሥራቁን ክልል ሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል አስተባብረዋል። ነገር ግን ገንዘብ በማደል ብቻ አልተወሰኑም፤ ስለ አፈር ግንባታ ለገበሬ በሚገባ ቋንቋ አንድ መጽሐፍ በ1992 አወጡ፤ በኋላም ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ከሃሮልድ ቫን ኤስ ጋር እያሻሻሉ በ2000፣ በ2009ና በ2021 ደጋግመው አሳተሙት። በጀት ቢታጠፍ መጽሐፉ አይታጠፍም። ፕሮግራሙ ስለ ሽፋን ሰብል ያሳተመው መመሪያም ከዚሁ ዓይነት ነው። እኛ የምንለው፣ ይህ የትጉሃን ሰዎች ተጨማሪ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የአስተባባሪነቱ ዋና ሥራ ይሁን ነው።

ስለዚህ አራት ነገር ይበጃል እንላለን። አንደኛ፣ ከየክልሉ ገንዘብ የተወሰነ ክፍል አዲስ ሥራ ለመጀመር ሳይሆን የተጀመረውን ለማቆየት ይለይ። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚሠሩ ሁሉ ጥቂት የጋራ መለኪያ ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ ውሉ ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ ሰው ወደ ማሳው ተመልሶ ገበሬው አሠራሩን ይዞት እንደሆነ ወይም ትቶት እንደሆነ ይጠይቅ፤ የተተወበት ምክንያት ከተያዘበት ምክንያት ያላነሰ ያስተምራልና። አራተኛ፣ ገበሬው በትንሹ ስጦታ ያነሣውን መልካም ጥያቄ አስተባባሪው ራሱ ለትልቁ ምርምር ያቅርብ። ለዚህ ሲባል በየዓመቱ የሚረዱት ሥራዎች ቍጥር ቢያንስ ግድ የለም።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ባዕድ አይደለም። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የቀድሞው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ በ1952 ከኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተጠነሰሰ ነው፤ ያስተማረንም የአሜሪካኖቹ የእርሻ ኮሌጆች ሥርዓት፣ ማለት ትምህርት፣ ምርምርና ማስፋፋት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩበት ሥርዓት ነበር። በ1963 የማስፋፋቱ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ቆመ። ሦስቱ እህትማማቾች ቤት ከለዩ ወዲህ በመካከላቸው የሚመላለሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። በዕርዳታ ገንዘብ የሚሠራ የእርሻ ጥናት በአገራችን ብዙ ነው፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ዘገባው ከመደርደሪያ ወርዶ ከገበሬው ደጅ መድረሱን የሚጠይቅ መሪ ያስፈልገዋል።

የአንድ የስጦታ ፕሮግራም መሪ የሚመዘነው እንግዲህ በሰጠው ገንዘብ ብዛት አይደለም። ገንዘቡን ሌላ ሰው ቢሆንም ሊሰጠው ይችላል። የሚመዘነው ከእርሱ በኋላ የሚመጣው አስተባባሪ፣ ተመራማሪና ገበሬ ቀደም ሲል የተጠየቀውን ጥያቄ እንደገና ከመጀመሪያው እንዳይጠይቅ በማድረጉ ነው።